በአሮጌ ቤት ውስጥ ነፃ የጎዳና ሥዕል ኤግዚቢሽን፦ ከበር ሳትመለሱ እንዴት ታያላችሁ?

«ነፃ ነው፤ ዝም ብለን እንሂድ» ብለው የወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይተው የሚመለሱት የቤቱን በርና ከፊታቸው የተሰለፈውን ሰው ማጅራት ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። በመጨረሻው እሁድ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ከፊቴ ስድስት ሰው ሲቀር በሩ ተዘጋ። በዚያው ሳምንት ግድግዳዎቹ ነጭ ተቀቡ። አለቀ።

ሙዚየም ብትቀሩበት ሌላ ቀን ይጠብቃችኋል። ይኼኛው ግን የጎዳና ሰዓሊዎች አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሥሉት፣ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነው። መግቢያው አይከፈልበትም፣ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ሲሠራ ለአንድ ቤተሰብ እንጂ ለሺህ ሰው ታስቦ አይደለም። ስለዚህ ጉብኝቱ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ገና ከቤት ሳትወጡ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ ተከተሉ።

1. መጀመሪያ አሁንም መኖሩን አረጋግጡ

ያያችሁት ፖስት የዛሬ ሦስት ሳምንት የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ሰው ፎቶው አምሮት ሼር ያደርጋል፤ ቀኑን የሚያይ የለም። በቀጥታ ወደ አዘጋጆቹ ገጽ ግቡና እነዚህን ፈልጉ፦

- የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?
- በሳምንት የትኛው ቀን ዝግ ነው?
- የመጨረሻ መግቢያ ሰዓት ስንት ነው? ይህ ከመዝጊያ ሰዓት የተለየ ነው። ብዙ ቦታ ቤቱ ከመዘጋቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀደም ብሎ ሰው ማስገባት ይቆማል።
- መመዝገብ ያስፈልጋል?
- ፎቶ ይፈቀዳል?

ያገኛችሁትን ስክሪንሾት አንሱ። በር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠቅማችኋል።

አድራሻውንም በካርታ ብቻ አትመኑ። የቆዩ ቤቶች ዋናው በራቸው የማይከፈት፣ መግቢያቸው በጎን ወይም በጓሮ በኩል የሆነ ብዙ ናቸው። ካርታው ዋናው መንገድ ላይ ያቆማችኋል፣ ወረፋው ደግሞ ከኋላ ነው። የመግቢያውን ፎቶ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ካልተሳካ፦ ገጹ ላይ ቀን ካልተጻፈ ከተሳታፊዎቹ ሰዓሊዎች የአንዱን ገጽ ክፈቱ። ሰዓሊዎች ከአዘጋጆች በላይ ይለጥፋሉ። ዛሬ ወይም ትናንት ከቤቱ ውስጥ የወጣ ስቶሪ ካለ ክፍት ነው። የመጨረሻው ፖስት የሳምንት ከሆነ ሳትጠይቁ አትሂዱ።

2. ትኬቱን ያዙ

ነፃ ነው ማለት አያልቅም ማለት አይደለም። እንዲያውም ነፃ ስለሆነ ነው ቶሎ የሚያልቀው። ምዝገባ ካለው እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ትኬቱ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት እወቁ። ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው በአንዴ ሳይሆን በዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ካመለጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ለ. ኢሜይላችሁንና ስማችሁን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ተዘጋጁ። ስሙ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ይሁን። የቤት ስም አትጻፉ።

ሐ. ማረጋገጫው በአምስት ደቂቃ ካልመጣ የስፓም ሳጥኑን እዩ። ኪውአር ኮዱን ወደ ስልካችሁ ፎቶዎች አውርዱት።

መ. መሄድ ካልቻላችሁ ሰርዙ። የተሰረዘ ቦታ ለሌላ ሰው ይለቀቃል። ካልሰረዛችሁት ግን ባዶውን ይቀራል።

ተጠንቀቁ፦ ነፃ ትኬት የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙ። አንድ ኮድ አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሻጩ ያንኑ ስክሪንሾት ለአሥር ሰው ሸጦት ከሆነ በር ላይ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ ዘጠኛችሁ እርስ በርስ ትተያያላችሁ።

ካልተሳካ፦ ትኬቱ ካለቀ ከጉብኝቱ በፊት ባለው ምሽት እንደገና ግቡና እዩ። የሚሰርዙ ሰዎች የሚሰርዙት ያኔ ነው። እሱም ካልሆነ ያልተመዘገቡ ሰዎች የሚቆሙበት ሌላ ወረፋ እንዳለ ጠይቁ። ነፃ ነገር ላይ ተመዝግቦ የሚቀር ሰው ሁልጊዜ አለ።

3. ቀኑን ምረጡ

እ.ኤ.አ. በ2013 ፓሪስ ውስጥ ሊፈርስ የተወሰነበት ባለ 9 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ለጎዳና ሰዓሊዎች ተለቆ ነበር። ቱር ፓሪስ 13 ይባላል። ከመቶ የማያንሱ ሰዓሊዎች ባዶዎቹን አፓርታማዎች ሞሏቸው፤ ለአንድ ወር በነፃ ተከፈተ፣ በቀጣዩ ዓመት ፈረሰ። የመዝጊያው ቀን ሲቃረብ ወረፋው በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ። የእናንተ ሰፈር ኤግዚቢሽን ይህን ያህል ባይሆንም ጠባዩ ያው ነው፦ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሊያልቅ ሲል ነው።

የመክፈቻው ምሽት ለሥዕል ማያ አይሆንም። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ያወራል፤ እናንተ የሰው ጀርባ ታያላችሁ። ሰዓሊዎቹን ማግኘት ከፈለጋችሁ ግን ያ ምሽት ነው ምሽታችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ቀለሙ ትኩስ ነው፤ ይሸታል፣ ልብስ ይይዛል፣ አንዳንድ ክፍልም ያላለቀ ይሆናል። የመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ላይ የደረሰብኝን ነግሬያችኋለሁ።

የሚቀረው መሃሉ ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለ ቀን ምረጡ። ከመክፈቻው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፤ ግማሹ ሰው ይቀራል። ጃንጥላችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ እንደሚሰጧችሁ ግን አትጠብቁ፤ የሚታጠፍ ያዙ።

4. ልብስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ

ጫማ፦ ጠፍጣፋ ሶል ያለው አድርጉ። ቀጭን ተረከዝ የሰውን ክብደት በሙሉ ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ የድሮ የጣውላ ወለል ይጎደጉዳል። አንዳንድ ቤቶች በር ላይ ይመልሷችኋል። ከዚያም በላይ የድሮ ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ እርከኖቹም እኩል አይደሉም።

ልብስ፦ ቀለም ቢነካው የማታለቅሱለትን ልበሱ። ባዶ የኖረ ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ላይኖረው ይችላል፤ የሚወልቅ ነገር ደርቡ። ሰፊ እጅጌና የሚንጠለጠል ሻርፕ ይቅርባችሁ።

ቦርሳ፦ ትንሽ። በጀርባ የሚታዘል ከሆነ ስትገቡ ወደ ደረት አዙሩት። ሥዕል ከሚያበላሹ ነገሮች አንደኛው ጎብኚው ራሱ የማያየው የራሱ ቦርሳ ነው። ዞር ሲል ይፈገፍጋል።

ቦርሳችሁን ደግሞ ከቤት ስትወጡ ፈትሹት። ማርከር፣ ስቲከር ወይም ስፕሬይ ከተገኘባችሁ አትገቡም። «እኔም ትንሽ ልጻፍ» የሚል ጎብኚ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለማይጠፋ ነው የሚፈትሹት። እኔ አንዲት ወፍራም ማርከር በጎን ኪስ ረስቼ ተይዤ አውቃለሁ። ፈታሿ ማርከሯን ከፍ አድርጋ ለሰልፉ ሁሉ አሳየችልኝ። የካርቶን ላይ አድራሻ ልጽፍባት ነበር የያዝኳት፤ ማን ያምናል?

ከመሄዳችሁ በፊት ሽንት ቤት ግቡ። ቤቱ መታጠቢያ ቤት ይኖረዋል፣ ግን ምናልባት መቀመጫው ወርቃማ ተቀብቶ ከሥዕሎቹ አንዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከጤና አንፃር አራት ነገር አስቡ

- አስም ያለባችሁ ወይም እርጉዝ የሆናችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ዝለሉ። የስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ ሲተን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። የድሮ ቤት መስኮት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አይከፈትም።
- የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያለበት ክፍል መኖሩን በር ላይ ጠይቁ። አደገኛው በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራው ነው። ድንገት ከገባችሁበት አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ፊታችሁን አዙሩና ውጡ።
- ትንንሽ ልጆች የሚላላጥ የግድግዳ ቀለም እንዳይነኩ። በድሮ ቤቶች የታችኛው ቀለም ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እንኳን ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።
- ዊልቸር ወይም የልጅ ጋሪ ካላችሁ ከሁለት ቀን በፊት ደውሉ። ሊፍት የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው። ጋሪውን ትታችሁ ለልጁ ማዘያ ያዙ። ለዊልቸር የሚሆነው ምድር ቤቱ ብቻ ከሆነ ይህንን ከቤት ሆኖ ማወቅ ይሻላል።

5. ወረፋው ላይ አስሉ

ብዙ ሰው ወረፋ ላይ የሚሸነፈው ስለማያሰላ ነው። «ይንቀሳቀሳል» እያለ ይቆማል። እናንተ እንዲህ አድርጉ።

ከፊታችሁ ያለውን ሰው ቁጠሩ። ከዚያ ሰዓት ያዙና በአሥር ደቂቃ ስንት ሰው እንደገባ እዩ። የድሮ ቤት ወለልና ደረጃ የሚችለው ሰው የተወሰነ ስለሆነ አሠራሩ ሲወጣ ሲገባ ነው። ለምሳሌ ቤቱ በአንዴ 40 ሰው ቢይዝና አንዱ ሰው በአማካይ 45 ደቂቃ ቢቆይ፣ በአሥር ደቂቃ የሚገባው ዘጠኝ ሰው ገደማ ነው። ከፊታችሁ 90 ሰው ካለ አንድ ሰዓት ከአርባ ትቆማላችሁ። ያ ጊዜ ከመጨረሻው መግቢያ ሰዓት ካለፈ አትቁሙ። ሌላ ቀን አውጡ።

ከመቆማችሁ በፊት ግን ሄዳችሁ በር ጠባቂውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከዚህ መጨረሻ የቆመ ሰው ዛሬ ይገባል?» አብዛኞቹ እቅጩን ይነግሯችኋል። እነሱም በመጨረሻ ከሚያለቅስ ሰው ጋር መነታረክ አይፈልጉም። እኔ ያኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ሰዓት ተኩሌን አላጣም ነበር።

አንድ ሰው ለስድስት ጓደኛ ቦታ አይያዝ። ከኋላ ያለው ሰው ቆጥሯል፣ ልክ እንደ እናንተ። ሁላችሁም አብራችሁ ድረሱ፣ ወይም የደረሰው ይግባ።

ካልተሳካ፦ ወረፋው ጭራሽ ቆሞ ከቀረ መጠበቁን ከማራዘማችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። ውስጥ ቡድን ገብቶ ከሆነ ሲወጡ በአንዴ ብዙ ሰው ይገባል፤ ታገሱ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ግን እስኪመጣ ማንንም አያስገቡም።

6. በር ላይ

ኮዱን ከፍታችሁ፣ የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ቅረቡ። ስልኩን አሁኑኑ ድምፅ አልባ አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ እነዚህን አረጋግጡ፦ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው? ከወጣሁ ተመልሼ መግባት እችላለሁ? የተዘጋ ክፍል አለ?

«ተመልሼ መግባት እችላለሁ?» የሚለውን አትናቁ። አንድ ጓደኛዬ ስልክ ለማንሳት ወጣ ብሎ ከመጨረሻ ተሰልፏል።

7. ውስጥ፦ ከላይ ጀምሩ

ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ካልተዘረጋ በቀጥታ ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ይሰፍራል፤ እዚያ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ይደክመዋል። እናንተ ላይ ስትጀምሩ ክፍሉ ባዶ ነው፣ እግራችሁም ትኩስ ነው። ደረጃ ላይ የሚወርደው ይቅደም። መደገፊያውን ከመያዛችሁ በፊት ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ቀለሙም መድረቁን።

መጀመሪያ ስልክ ሳታወጡ ቤቱን በአሥር ደቂቃ ዙሩት። ከዚያ የወደዳችኋቸውን ሦስት ወይም አራት ክፍሎች ብቻ ተመለሱባቸው። ሁሉንም እኩል ለማየት የሞከረ ሰው ሲወጣ ምንም አያስታውስም።

ስትመለሱ የት የት ታያላችሁ?

ግድግዳውን ሁሉም ያያል። እናንተ ኮርኒሱን እዩ። የበሩን ጀርባ እዩ፤ በሩ ተከፍቶ ስለሚቆም ከኋላው ያለውን ማንም አያገኘውም። ቁምሳጥኑን፣ የደረጃውን ሥር፣ የእሳት ማንደጃውን ውስጥ፣ የመስኮቱን ደፍ። አንዴ ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ሁለት ዓይን ብቻ የተሳለበት ግድግዳ አየሁ። ማብሪያው አፍንጫ ሆኗል። ከሥሩ የተሰነጠቀው ልስን ደግሞ አፍ ነበር፤ ሰዓሊው ስንጥቁ ላይ ምንም አልጨመረበትም። ሁለት ሰው «እዚህ ምንም የለም» ብለው አለፉት።

ከዚያ ጠጋ ብላችሁ እንዴት እንደተሠራ ፈልጉ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ጠብቃችሁ፦

- በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ካርቶን) የተሠራ ከሆነ ጠርዙ ስለት ነው። ካርቶኑ ከግድግዳው ትንሽ ተነስቶ ከነበረ ግን በጠርዙ ሥር ስስ የቀለም ጉም ታያላችሁ።
- በነፃ እጅ በስፕሬይ የተሳለ መስመር ጣሳው ሲቀርብ ቀጭንና ደማቅ፣ ሲርቅ ሰፊና ብትን ይሆናል። እጁ የዘገየበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይንጠባጠባል።
- ወረቀት ላይ ተሠርቶ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ጠርዙ ይታጠፋል፣ መሃሉ ላይ የአየር ፊኛ ይኖራል። ፊኛውን አትጫኑ!

በመጨረሻ ቤቱ ራሱ ያስቀረውን ፈልጉ፦ የተነቀለ ቁምሳጥን ጥላ፣ በሥዕሉ ሥር ብቅ ያለ የድሮ የግድግዳ ወረቀት፣ በበሩ መቃን ላይ የልጆች ቁመት የተለካበት ጭረት። ጥሩ ሰዓሊ እነዚህን ይጠቀምባቸዋል እንጂ ቀለም አያለብሳቸውም። እኔ አንድ ክፍል ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የምለው በዚህ ነው። ሥዕሉ ነቅለው ሌላ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ያው ከሆነ፣ ቤቱ ለምን አስፈለገ?

አትንኩ። ደረቅ የሚመስል ቀለም ላዩ ብቻ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም የተቀባ ነገር ውስጡ ለቀናት እርጥብ ነው። የታጠረ በር አትክፈቱ። ከበስተጀርባው ሥዕል ሳይሆን የተበላ ወለል ነው ያለው።

8. ፎቶ

አይፈቀድም ከተባለ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2017 በርሊን ውስጥ ደ ሃውስ በተባለው ነፃ ኤግዚቢሽን ጎብኚዎች ፎቶ ማንሳት ተከልክለው ነበር። አልቀርም ብላችሁ ከሱሪ ኪስ አጠገብ ደብቃችሁ የምታነሱት ፎቶ ብዥ ያለ ነው፤ ጣጣው አያዋጣም።

ከተፈቀደ ፍላሽ አጥፉ። ትራይፖድና ሰልፊ ስቲክ ተዉ። ሙሉ ግድግዳው የማይገባላችሁ ከሆነ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አታንሱ። ከኋላችሁ ሌላ ሥዕል ወይም ደረጃ አለ። ጥግ ይዛችሁ ሰፊውን ሌንስ ተጠቀሙ። የሚያበራ ቀለም ያለበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶው ነጭ ሆኖ ከወጣባችሁ ደማቁን ቦታ ስክሪኑ ላይ ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡ፤ ብርሃኑ ይቀንሳል።

የሰዓሊውን ስም የያዘችውን ወረቀት ከሥዕሉ ቀጥሎ አንሱ። ስትለጥፉ ስሙን ጻፉ። ሥዕሉን ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግድግዳው የማንም ይሁን፣ የቅጂ መብቱ በመደበኛው የሰዓሊው ነው።

9. ነገር ሲበላሽ

ልብሳችሁን ቀለም ከነካው፦ አትሹት፣ ይሰፋል። የውሃ ቀለም ወይም አክሪሊክ ከሆነና ካልደረቀ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። የስፕሬይ ቀለም ከሆነ ውሃ ምንም አያደርገውም። ቤት ገብታችሁ አልኮል በጥጥ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ቆዳችሁን ከነካው የምግብ ዘይት ቀብታችሁ በሳሙና ታጠቡ። ቤንዚንና ቲነር ቆዳ ላይ አይደረግም።

ሥዕል ካበላሻችሁ፦ አትሸሹ፣ በእጃችሁም ለማስተካከል አትሞክሩ። ወዲያው ለአስተናጋጅ ንገሩ። ትኩስ ቀለም ሰዓሊው በአምስት ደቂቃ ሊያስተካክለው ይችላል። በማግስቱ ግን አይሆንም።

ራሳችሁን ካዞራችሁ፦ ሽታው ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ልቀመጥ» ብላችሁ እዚያው አትቀመጡ፤ ውጭ ወጥታችሁ ንፁህ አየር አግኙ።

ጓደኛችሁ ከጠፋ፦ ወፍራም ግድግዳ ኔትወርክ ያፍናል። ስትገቡ «በዚህ ሰዓት መውጫው ጋ» ተባባሉ።

10. ስትወጡ

የአስተያየት መዝገብ ካለ ጻፉ። የወደዳችሁትን ክፍል ቁጥርና የሰዓሊውን ስም ጥቀሱ። መዋጮ ሳጥን ካለና ከቻላችሁ ትንሽ ጣል አድርጉ፤ ነፃ የሆነው ለእናንተ ነው እንጂ ለቀለሙ ከፋይ አይደለም።

ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን ገልብጡና ሶሉን እዩ። ሐምራዊ ወይም ብርማ ፍርፋሪ፣ የልስን ዱቄትም ታገኛላችሁ። በደረቁ አታራግፉት፣ አቧራው ይነሳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉት። የልጆቹን እጅ ምግብ ከመንካታቸው በፊት በሳሙና አስታጥቡ።